አንድ ሜትር ወደ መንገዱ

ሠላሳ አንድ ዓመት በማዘጋጃ ቤት ሜትር ያዥ ሆኜ ሠራሁ። ሥራው ከስሙ አይበልጥም። ቀያሹ በአንዱ ጫፍ ይቆማል፣ እኔ በሌላው። እሱ አንብቦ ይጽፋል፣ እኔ እይዛለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሜትር ለመያዝ ይበቃል፤ የሚፈለገው የማይንቀጠቀጥ እጅና መንበርከክ የማይከብደው ጉልበት ነው።

ሰው "ጋሽ ሜትሩ" ይለኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች ቢሮ ከመሄዳቸው በፊት እኔን መንገድ ላይ ጠብቀው ይጠይቁኝ ነበር። "ጋሽ ሜትሩ ካለ፣ አለ ነው" ይባል ነበር። ይህን መስማት እወድ ነበር። ምን ያህል እወደው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እህቴ ታናሼ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ብዙ የማይናገር፣ ድንጋይ ሲያነሳ እንደ ሕፃን ከሥር ደግፎ የሚያነሳ ሰው። በታችኛው መንገድ ዳር ቦታ ሲያገኙ ቤቱን በገዛ እጁ ሊሠራላት ተነሳ። ከፊት ለስፌት የሚሆን ሰፊ ክፍል፣ ከኋላ መኝታና ማድ ቤት። ደንቡ ያኔም እንዳሁኑ ነበር፦ ከመንገዱ መሃል እስከ ቤቱ ግንብ አሥር ሜትር። ቢሮው ችካል ሳይተክል ማንም መሠረት አይቆፍርም።

እዚህ ላይ ስለ ሜትራችን መናገር አለብኝ።

ሜትራችን የጨርቅ ነበር። ጫፉ ላይ የነበረው ቀለበት ተበጥሶ ሲሄድ አርባ ሳንቲም ያህል ይዞ ሄደ። አዲስ ይገዛልን ብለን ጠየቅን። "በቅርቡ" ተባልን። ጡረታ እስክወጣ በቅርቡ ነበር። ስለዚህ እኔ መንገዱ መሃል በተመታው ሚስማር ላይ የአንድ ሜትሩን ምልክት እይዛለሁ፤ አለቃዬ ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ አንድ ይቀንሳል። አሥር ሜትር ሲፈልግ ችካሉን አሥራ አንድ ላይ ይተክላል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ "ከአንድ!" ብዬ እጮሃለሁ፣ እሱም "ከአንድ!" ብሎ ይመልሳል። ከጊዜ በኋላ መጮሁን ተውነው። አብረው ያረጁ ባልና ሚስት ጨው አቀብይኝ፣ ጨው አቀብለኝ አይባባሉም፤ እጅ ይዘረጋል፣ ጨው ይመጣል። እኛም እንደዚያ ሆንን። የእህቴ ቦታ እስኪለካ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ለካን፤ የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓመታት ያለ ቃል።

የእህቴ ቦታ የሚለካበት ቀን ሲደርስ አለቃዬ ወገቡን ታሞ ቀረ። በሱ ፈንታ አዲስ ቀያሽ ላኩልን። ከኮሌጅ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ጫማው ጭቃ አልለመደም፤ በየድንጋዩ ላይ እየመረጠ ይረግጥ ነበር።

እህቴ ከባሏ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ቤት የሚያገኝ ሰው ሳቅ ነው።

"ጋሼ፣ ለእህትህ ስትል ትንሽ ወደ መንገዱ ገፋ አድርገው እንጂ! መስኮቴ ለሰው ይቅረብልኝ።"

"ሜትር ዘመድ የለውም" አልኳት።

"አቤት! አንተስ አለህ?"

የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ከመንገዱ ማዶ በሩን ተደግፎ የቆመው ፀጉር አስተካካይም ሳቀ።

የአንድ ሜትሩን ምልክት ሚስማሩ ላይ ይዤ ተንበረከኩ። አዲሱ ቀያሽ እየመረጠ ሄደ፣ ሜትሩን ወጠረና አሥር ላይ ቆመ። አማቼ ችካሉን በመዶሻ መታው። ሁለተኛውንም በዚያው ልክ ተከሉ። እኔ ምንም አላልኩም። ላታልል ብዬ አይደለም። ለስምንት ዓመት መናገር አላስፈለገኝም ነበር፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው መለወጡን እጄ አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ሆነ፤ ሌላ ቦታ አልለካንም። አዲሱን ቀያሽም ወደ ፕላን ክፍል አዛወሩት። ከኔ ጋር የለካው ያችን አንድ ቀን ብቻ ነው።

አለቃዬ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ሜትሩን ሲጠቀልል የተበጠሰው ጫፍ እጁ ላይ ደረሰና ቆም አለ።

"ለልጁ ከአንድ እንደምትይዝ ነግረኸዋል አይደል?"

"ነግሬዋለሁ" አልኩት።

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ከወጣ በኋላ ግን አልመለስኩትም።

ከሥራ ስወጣ በታችኛው መንገድ ወረድኩ። መሠረቱ ሞልቷል፤ የፊቱ ግንብ ጉልበት ደርሷል። ከሚስማሩ ተነስቼ በእርምጃ መጣሁ። የኔ እርምጃ ሰባ አምስት ሳንቲም ነው፣ አይዛነፍም። አሥራ ሁለተኛው ላይ የጫማዬ አፍንጫ ግንቡን ነካ። ዘጠኝ ሜትር።

አማቼ ድንጋይ እንደያዘ ቀና አለ።

"ምነው፣ ጎደለ እንዴ?"

"የለም። ልክ ነው።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ድንጋዩን ቦታው አስቀመጠና በመዶሻው እጀታ ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

"ጋሽ ሜትሩ ካለ" አለ፤ ቀሪውን አልጨረሰውም።

ወደ ቤቴ ስሄድ ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት። መንገዱ የጠጠር ነው። መኪና በሳምንት አንዴ ቢያልፍበት ነው። አንድ ሜትር ማንን ይነካል? አሁን ብናገር ደግሞ አማቼ የደከመበትን ግንብ ያፈርሳል፣ አለቃዬም ውሸቴን ያውቃል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም አልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

የእህቴ የስፌት ክፍል የታችኛው መንገድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ሆነ። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው። ሰው ሳይገባ ከመንገድ ላይ እጁን አስገብቶ ሱሪውን ይሰጣታል፣ "አሳጥሪልኝ" ብሎ ያልፋል። መሃል ላይ አማቼ ከወፍራም ሳንቃ የሠራላት የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ሁለት ሜትር ከሰማንያ፣ ጥግና ጥጉ በጨርቅ ብዛት የለሰለሰ። በዚያ መስኮት በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከሚስማሩ እስከ ግንቡ ዓይኔ ይለካል። ሚስማሩ ጠጠር ከለበሰ ቆይቷል። እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

አለቃዬ ሞተ። እኔ ጡረታ ወጣሁ። አማቼም ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ሳንባው ነበር፣ የድንጋይ ብናኝ።

ባለፈው ዓመት ምክር ቤቱ የታችኛው መንገድ እንዲሰፋ ወሰነ። ሠራተኞች መጥተው በአዲስ የብረት ሜትር ለኩ። ያ "በቅርቡ" የተባለው ሜትር መሆን አለበት። የእህቴ ግንብ ላይ በቀይ ቀለም "1.00" ብለው ጽፈው ሄዱ። በዚያ መንገድ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው የእሷ ቤት ብቻ ነበር።

ውሳኔው ተለጥፎ አነበብኩት። ቤቱ ወደ መንገዱ የገባው በቢሮው ስህተት ከሆነ፣ ቢሮው ግንቡን ወደ ኋላ አንስቶ ራሱ መልሶ ይሠራል። ባለቤቱ ከችካሉ አልፎ የሠራ እንደሆነ ግን ክፍሉ በሙሉ ይፈርሳል፤ መልሶ ለመሥራት ፈቃድ አይሰጥም። በእህቴ ፋይል ውስጥ ደግሞ "ችካል በአሥር ሜትር ላይ ተተክሏል" የሚል ወረቀት አለ። ቢሮው አሥር ላይ ከተከለ፣ ግንቡም ዘጠኝ ላይ ከቆመ፣ ያለፈው ግንበኛው ነው ማለት ነው።

እህቴ ቤቴ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ኮሚቴው ለምስክርነት ይጠራሃል። ሜትሩን የያዝከው አንተ ነህ።"

"እመጣለሁ።"

"የምታውቀውን ተናገር ጋሼ። ሌላ አልልህም።"

በሩ ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ። ፍርሃት ነው ብዬ ነበር ያኔ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው በማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ አይዘጋም፤ ሰብሳቢዋ ወረቀቶቿን በመነጽር ማኅደሯ ተጭናቸው ተቀምጣለች። የብዕሯን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከአጠገቧ የግንባታ ቁጥጥር ኃላፊው አለ። ያ ጫማው ጭቃ ያልለመደ ቀያሽ ነው፤ ፀጉሩ ሸሽቷል። ስገባ ብድግ አለ።

"የሕይወቴን የመጀመሪያ ችካል የተከልኩት ከእሳቸው ጋር ነው" አለ ለሰብሳቢዋ። "ይሄው ይሄ ችካል ነው።"

መጀመሪያ የተጠራው ፀጉር አስተካካዩ ነው። እህቴ በሰፋችለት ኮት ነበር የመጣው።

"እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም" አለ። "ጎረቤቴ ናት። ግን አስምላችሁኛል። የዚያን ቀን 'ወደ መንገዱ ገፋ አድርገው' ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ደግሞ 'ሜትር ዘመድ የለውም' አላት።"

አዳራሹ ሳቀ። መልካም ሳቅ ነበር፤ ለኔ ክብር የተሳቀ።

"ቀልድ ነበር እኮ!" አለች እህቴ።

"ቀልድ መሆኑን ለሟች ባልሽ ማን ነግሮት ነበር? ሰምቶ እውነት መስሎት ቢሆንስ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ያንን ኮት አሁኑኑ አውልቅ። ስፌቱን ፈትቼ ነው የምሰጥህ!"

እንደገና ተሳቀ። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን በብዕሯ መታች።

"ጋሽ… ማን ልበልዎት?"

"ጋሽ ሜትሩ ነው የምንላቸው" አለ ኃላፊው።

"ጋሽ ሜትሩ፣ ችካሉ የተተከለው በትክክል ነበር?"

"ከአንድ ነው የያዝኩት።" ሦስት ቃል ነው። ምላሴ ላይ ነበር። ኃላፊው እንደ ልጅ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ኋላ ወንበር ላይ አጥራቸውን የለካሁላቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ በኔ ቃል የተነሳ ሃያ ዓመት አይነጋገሩም። ይህ ከተሳሳተ የኛስ? ይላሉ። አሳሰበኝ። እህቴን አላሰብኳትም ማለት አይደለም። አሰብኳት። ግን ከኋላ ነው ያሰብኳት።

"ሜትር አይዋሽም" አልኩ።

"ልክ ነበር ማለትዎ ነው?"

"ልክ ነበር።"

እህቴ እጅጌዋ ላይ የተጣበቀ ክር ነበር። ቀስ ብላ ለቀመችው፣ በጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

"ወይዘሮ፣ የሚጨምሩት አለ?" አሏት።

"ወንድሜ ካለ፣ አለ ነው" አለች።

ጸሐፊው የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ። "ግንበኛው ከተተከለው ችካል አንድ ሜትር አልፎ በመሥራቱ።" የአማቼን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አነበበው። እንዲህ ተሟልቶ ሲጠራ የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ክፍሉ የፈረሰው በሳምንቱ ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር አቧራ እንኳ አልተነሳም። አራት ሰዎች በድጅኖ ሲታገሉ ግንቡ እምቢ አለ። ፎርማኑ ላቡን እየጠረገ፣ "ይሄን የሠራው ሰው ድንጋይ ያውቃል" አለ።

"ያውቃል" አለች እህቴ። "ችካል ነው አያውቅም የተባለው።"

እኔ ከፀጉር አስተካካዩ በር አጠገብ ቆሜ ነበር። እዚያ የቆምኩት ቅርብ ስለሆነ ሳይሆን ራቅ ስለሚል ነው።

ሦስት ቀን ቆይቼ ሄድኩ። መኪናዋን መኝታ ክፍሉ ውስጥ በአልጋውና በግድግዳው መሃል አስገብታዋለች። ጉልበቷ ከአልጋው ይጋጫል። ትሰፋለች። አጠገቧ ቆምኩ፤ መቀመጫ አልነበረም።

"ያን ቀን ከአንድ ነበር የያዝኩት" አልኳት። "ልጁ አላወቀም። እኔ አልነገርኩትም። ባልሽ አይደለም ያለፈው። እኔ ነኝ።"

መኪናዋን አላቆመችም። ስፌቱን እስከ ጫፍ አድርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሱ ነዋ። አንተ በእርምጃ ለክተህ በሄድክ ማግስት በራሱ ሜትር ለካው። ዘጠኝ። ገና ጉልበት ነበር ግንቡ፤ 'አፍርሰህ መልሰው' አልኩት። ሲያስብ ዋለ። ማታ፣ 'ካፈረስኩ ሰው ለምን ይለኛል። ወንድምሽ ደግሞ ልክ ነው ብሎኛል። ተሳስቷል፣ አፍሯል። ቀን ቆጥሮ ራሱ ይነግረናል፤ አናዋርደው' አለ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ከዚያማ ቀልድ ሆነብን። አንተ ቤታችን መጥተህ በሄድክ ቁጥር 'ዛሬስ ነገረሽ?' ይለኛል። ታሞ እንኳ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ 'እስካሁን?' አለኝ። እየሳቀ።"

"ለምን ኮሚቴው ፊት አልተናገርሽም?"

"የኔ ነው እንዴ? ያንተ ነው። ትናገራለህ ብዬ ነው የመጣሁት።" ጨርቁን ገልብጣ ስፌቱን አየች። "ክፍሉ ድንጋይ ነው ጋሼ። እሱ እስኪሞት ድረስ ያንተን ስም ጠበቀልህ። አንተ አንድ ቀን አልጠበቅክለትም።"

በማግስቱ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ፊደሌ ጥሩ አይደለም፤ ገጹ ግን ሞላ። ስለ ሜትሩ ጫፍ፣ መጮሁን ስለመተዋችን፣ ለአለቃዬ ስለዋሸሁት፣ በአዳራሹ ስላልኩት ጻፍኩ። ለኃላፊው ወስጄ ሰጠሁት። ቆሞ ነበር ማንበብ የጀመረው፤ መሃል ላይ ተቀመጠ።

"እኔም አለሁበታ" አለ።

"አንተ አላወቅክም። እኔ ነበርኩ የማውቀው።"

"ጋሽ ሜትሩ፣ የይግባኙ ጊዜ አልፏል። ክፍሉም የለም። ይሄ አሁን ማንን ይጠቅማል?"

"የግንበኛው ስም ይሰረዝ።"

"የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም። ከሥሩ ይያያዛል እንጂ።"

አያያዘው። ማኅተም መታና አንድ ግልባጭ ሰጠኝ። ፋይሉን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኛውን ገጽ ነው። የኔን ለማግኘት መገለጥ አለበት። ማን ይገልጣል?

ግልባጩን ለእህቴ ወሰድኩላት። ቆማ አነበበችው፤ ሁለቴ መሰለኝ። ከዚያ አጥፋ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር አስገባችው። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

"ና ይሄን ያዝልኝ" አለች። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ጫፍ ሰጠችኝ። "ጠረጴዛውን አልጋው ቦታ ላይ ላደርገው ነው። እኔ መሬት እተኛለሁ።"

በመስኮቱ በኩል ባለው ግድግዳ ተንበረከኩ። ጉልበቴ እንደድሮው አይደለም። እሷ በወዲያኛው ግድግዳ ቆመች፤ ሜትሯ ስለሚያጥር በሁለት ጊዜ ነው የለካነው።

"ከየት ነው የያዝከው?"

"ከዜሮ።"

"አልሰማሁም።"

"ከዜሮ!"

ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈች፦ ሁለት ከአርባ። ጠረጴዛው በረንዳ ላይ ነው፤ ካፈረሱት ክፍል ሲያወጡት አንዱ ጥግ ተላልጧል።

"አርባ ሳንቲም ይቆረጣል" አልኩ።

"እንደገና ለካ።"

እንደገና ለካን። እንደገና ጮህኩ። ያው ነበር።

ወጥቼ ከፀጉር አስተካካዩ መጋዝ ተዋስኩ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ መስመር አስምራ ጠበቀችኝ፤ ወዲያኛውን ጫፍ ራሷ ያዘችልኝ።